ፊልሙ ጎንደር እስኪደርስ፦ አዲስ የአኒሜ ፊልም ሳይነገራችሁ ለማየት ዝርዝር መመሪያ

አዲስ የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ፊልም ሊወጣ ነው ሲባል ደስታውና ጭንቀቱ አብረው ነው የሚመጡት። ደስታው ግልጽ ነው። ለዓመታት የተከታተልነው ታሪክ በተሻለ ሥዕልና በተሻለ ድምፅ ሊቀጥል ነው። ጭንቀቱ ደግሞ ስፖይለር ነው፣ ሳናየው ታሪኩን የሚነግረን ወሬ። ፊልሙ ቶኪዮ ላይ በታየበት ምሽት ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳሸነፈ ስልካችን ውስጥ ይገባል። እኛ ግን ጎንደር ነን። ፊልሙን በጥራት የምናየው ከወራት በኋላ ነው።

"ኢንተርኔት አትክፈቱ" የሚለው ምክር ለእኛ የማይሠራው ለዚህ ነው። ሁለት ቀን ቢሆን ይቻላል። ወራት ግን ማን ይችላል? የትምህርቱም፣ የሥራውም፣ የቤተሰቡም ወሬ ያለው እዚያው ቴሌግራም ላይ ነው። የሚያዋጣው ስፖይለር በየት በየት እንደሚገባ ለይቶ እሱን ብቻ መዝጋትና የቀረውን ኑሮ እንዳለ መቀጠል ነው። ከዚያ ደግሞ ከጓደኛ ጋር መስማማት አለ። ስልካችሁን ብትቆልፉት፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ አፉን ካልያዘ ዋጋ የለውም።

እንደ ምሳሌ የምጠቀመው ዲሞን ስሌየር የተባለውን ተከታታይ አኒሜ የሚቀጥለውን ፊልም፣ "ኢንፊኒቲ ካስል"ን ነው። ሦስት ፊልም ሆኖ የሚወጣ ስለሆነ መመሪያው ለሚቀጥሉትም ያገለግላል። ታሪኩን አልነካም። ያላያችሁም ያለ ስጋት አንብቡ።

መጀመሪያ፦ ቀኖቹን ጻፉ

አንድ የአኒሜ ፊልም የሚወጣበት ቀን አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው። ጃፓን ሲኒማ የሚገባበት ቀን፣ ሌላው ዓለም ሲኒማ የሚገባበት ቀን፣ በመጨረሻም በዲስክ ወይም በኢንተርኔት በይፋ የሚለቀቅበት ቀን። ስፖይለሩ የሚጀምረው በመጀመሪያው ነው። እኛ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ነው።

የኢንፊኒቲ ካስል የመጀመሪያው ክፍል ጃፓን የወጣው ሐምሌ 11 ቀን 2017 ነበር። አሜሪካ የገባው መስከረም 2 ቀን 2018 ነው፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት። በመሐሉ ስምንት ሳምንት አለ። ከዚያ በፊት የነበረው የዚያው የዲሞን ስሌየር ፊልም "ሙገን ትሬን" ደግሞ ጃፓን ሲኒማ የገባው ጥቅምት 6 ቀን 2013 ሆኖ በዲስክ የወጣው ሰኔ 9 ቀን 2013 ነው። ስምንት ወር! ቀኑን ስትጽፉ ይህን ያህል እንደምትጠብቁ አውቃችሁ ጀምሩ። "በቅርብ ቀን ይገኛል" ብላችሁ ከጀመራችሁ በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥታችሁ አልቆ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ታነባላችሁ።

ሰዓቱንም አስሉት። ጃፓን ከእኛ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን ጎንደር ላይ ገና ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ ያውም በዋዜማው። ኢንፊኒቲ ካስል 155 ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም በእኩለ ሌሊት መታየት ከጀመረ፣ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ከአዳራሽ ወጥተው ስልካቸውን የሚከፍቱት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ልክ ራት በልተን ስልክ የምንነካካበት ሰዓት። ስለዚህ መከላከያው ሁሉ ከዋዜማው ቀን በፊት ይጠናቀቅ።

ሁለተኛ፦ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልጉ ወስኑ

ማንጋውን፣ ማለትም አኒሜው የተሠራበትን የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ፣ አንብባችኋል ወይስ አላነበባችሁም? መመሪያው እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የዲሞን ስሌየር ማንጋ በ23 ቅጽ ተጠናቆ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ፊልሙ የሚነሳው 16ኛው ቅጽ አካባቢ ካለው ታሪክ ነው። መጨረሻው ዓመታት ያለፈው ምሥጢር ነው ማለት ነው። እንዲህ ላለ ፊልም ስፖይለር ከሲኒማው ቀን በፊትም ሞልቷል። ዊኪፔዲያ ላይ አለ፣ የገጸ ባሕርያት ገጾች ላይ አለ፣ ጉግል ላይ ስም መጻፍ ስትጀምሩ ከሥር በሚመጣው ጥቆማ ላይ ሳይቀር አለ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የገጸ ባሕርዩን ስም ጽፋችሁ ሳትጨርሱ "ይሞታል ወይ" የሚል ጥያቄ ራሱ ይመጣላችኋል። ያላነበባችሁ ከሆነ የገጸ ባሕርይ ስም ጉግል ላይ አትጻፉ። ሥዕል ካማራችሁም ፊልሙን ካያችሁ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ያነበባችሁ ደግሞ የምትጠብቁት ሌላ ነገር ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ዩፎቴብል የተባለው ስቱዲዮ እንዴት አድርጎ እንደሠራው ነው። ለእናንተ ስፖይለሩ ከአዳራሽ በስልክ የተቀዳ የአንድ ደቂቃ የውጊያ ቪዲዮ ነው። እሱን ነው የምትሸሹት።

ትሬለርስ? እኔ የምለው የመጀመሪያውን ብቻ እዩ፣ ከዚያ በቃ። የሚለቀቅበት ቀን ሲቀርብ የሚወጡት ትሬለሮች ሰው ለመሳብ ብለው ጥሩ ጥሩውን ያወጡታል። ያለ ትሬለር መግባት ደስታ ይቀንሳል ለሚል ሰው መልስ አለኝ። የስቱዲዮ ጂብሊውና የሃያኦ ሚያዛኪው "ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄረን" ሐምሌ 7 ቀን 2015 ጃፓን ሲወጣ ትሬለር አልነበረውም፣ ማስታወቂያም አልነበረውም። ሕዝቡ ያየው አንድ ፖስተር ብቻ ነበር። አዳራሹ ሞላ። በኋላም ፊልሙ ኦስካር ወሰደ። ምንም ሳያውቁ መግባት የፊልሙ ሠሪዎች ራሳቸው ለተመልካች የሰጡት ስጦታ ነበር።

ሦስተኛ፦ ስልካችሁን አስተካክሉ

ሰፊው ሥራ ይህ ነው። አንድ ምሽት ስጡት።

መጀመሪያ የቃላት ዝርዝር አዘጋጁ። የፊልሙ ስም በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ ፊደል፣ አጭሩ አጠራር፣ የዋና ዋና ገጸ ባሕርያት ስም፣ የስቱዲዮው ስም። በተለይ ደግሞ የፊልሙን ርዕስ በጃፓንኛ ፊደል ከይፋዊው ገጽ ኮፒ አድርጋችሁ ጨምሩ። በመጀመሪያው ምሽት የሚለጥፉት ጃፓኖች ናቸው። ጽሑፋቸውን ባታነቡትም ሥዕሉ ይናገራል። ዝርዝሩን ስልካችሁ ላይ ኖት ውስጥ አስቀምጡት። በየአፑ እየቀዳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ቴሌግራም። ለእኛ ዋናው እሱ ነው። የአኒሜ ቻናሎችን ድምፅ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ ዝርዝሩ ላይ የመጨረሻው መልእክት ከስሙ ሥር እየታየ ይቀጥላል። አንድ መስመር ለስፖይለር ትበቃለች። ድምፁን አጥፉና አርካይቭ ውስጥ ክተቱት። በጣም የምትጠረጥሩት ቻናል ካለ ውጡ። ሊንኩን ኖታችሁ ላይ አስቀምጡና በኋላ ትመለሳላችሁ። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት። ሥዕሉ ደብዘዝ ብሎ ይቀራል፣ ዳታችሁም ይተርፋል። በመጨረሻ ኖቲፊኬሽን ላይ መልእክቱ እንዳይታይ አድርጉ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ስክሪኑ ብልጭ ሲል "አየኸው? እገሌ እኮ" የሚል ጽሑፍ ብቅ የሚለው በዚህ በኩል ነው። ለማንበብ ሳትወስኑ አንብባችሁታል። ዓይን ፊደል ካየ አይመለስም።

ቲክቶክ። ሴቲንግ ውስጥ የይዘት ምርጫ የሚል አለ። እዚያ ውስጥ ቃላት የምታግዱበት ቦታ ታገኛላችሁ። ዝርዝራችሁን አስገቡ። ግን አትመኑት። የሚያግደው በጽሑፍና በሃሽታግ የተጻፈውን ነው። ያለ ምንም ጽሑፍ የተለጠፈ ቪዲዮ ያልፋል። ስለዚህ በፊልሙ የመጀመሪያ ሳምንት ቲክቶክን ሙሉ በሙሉ እንድትተዉት እመክራለሁ። ከሁሉም አፕ የምፈራው እሱን ነው። ቪዲዮው ሳትመርጡት ነው የሚጀምረው።

ዩቲዩብ ላይ ችግሩ ቪዲዮው አይደለም፣ ከፊቱ ያለው ሥዕል ነው። የሚያለቅስ ፊት፣ ቀይ ቀስት፣ ትልቅ የጥያቄ ምልክት። ማንም ሳይከፍተው ታሪኩ ተነገረ። መፍትሔው የእይታ ታሪካችሁን ማጥፋትና ማቆም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የእይታ ታሪኩ ተዘግቶ ከበፊቱም የተመዘገበ ብዙ ነገር ከሌለ የመግቢያው ገጽ ባዶ ይሆናል። የምትፈልጉትን ራሳችሁ ጽፋችሁ ታገኛላችሁ። ይህን ማድረግ ካልፈለጋችሁ የአኒሜ ግምገማ የሚሠሩትን ቻናሎች አንድ በአንድ "ይህን ቻናል አታሳየኝ" በሏቸው። የፊልሙን ዘፈን ስታዳምጡም ኮመንቱን አትክፈቱ። ከዘፈኑ ሥር ያለው ኮመንት ከግምገማ ቪዲዮ የባሰ ነው። ሰው ስሜቱ ተነክቶ ነው የሚጽፈው፣ ስሜቱ የተነካ ሰው ደግሞ አይጠነቀቅም።

ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ ቃላት ማገድ ቀላል ነው፣ ዝርዝሩን አስገብታችሁ ውጡ። ፌስቡክ ላይ ብዙ የሚለጥፍ ጓደኛ ካላችሁ የሚለጥፈው ለ30 ቀን እንዳይታያችሁ ማድረግ ይቻላል። ሰውዬው አያውቅም፣ ጓደኝነቱም አይፈርስም።

አራተኛ፦ ከሰው ጋር ተስማሙ

ልጆች ሳለን እንቆቅልህ ስንባባል አንዱ እያሰበ ሳለ ከጎኑ ያለው መልሱን ካፈነዳው ጨዋታው ይበላሽ ነበር። መልሱ ስለተነገረ ብቻ አይደለም። "ሀገር ስጠኝ" የሚባልበት፣ የሚሟገቱበት፣ የሚሳቅበት ጊዜ ስለተወሰደ ነው። ስፖይለርም የሚወስደው ይህንኑ ነው። መልሱን ሳይሆን የማሰቢያውን ጊዜ።

ስለዚህ ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ሳምንት በፊት የአኒሜ ጓደኞቻችሁን ሰብስቡ። ማራኪ ግቢ ዶርም ውስጥም ይሁን ፒያሳ ጁስ ቤት። ሦስት ነገር ተስማሙ። ማን ማንጋውን አንብቧል? አብረን የምናየው መቼና የት ነው? እስከዚያ ድረስ ግሩፓችን ላይ ምን ይጻፋል፣ ምን አይጻፍም?

በቴሌግራም ግሩፕ ላይ መነጋገር የግድ ከሆነ ጽሑፉን መሸፈን ይቻላል። የጻፋችሁትን መርጣችሁ ከፎርማት ውስጥ ስፖይለር የሚለውን ስትነኩ ጽሑፉ ይሸፈናል፣ የሚነበበው ሰው ሲነካው ነው። ፎቶም እንዲሁ ይሸፈናል። ከሽፋኑ በፊት ግን ስለ ምን እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። "የፊልሙ ውጊያ፣ ያላያችሁ አትንኩ" ብላችሁ። ዝም ብሎ የተሸፈነ ጽሑፍ የማይነካ ሰው የለም።

ያነበባችሁ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የነገራችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ፍንጭ አትስጡ። "ምንም አልነግርህም፣ ግን መሐረብ ያዝ" ማለት መንገር ነው። "እሱን ገጸ ባሕርይ አትውደደው" ማለት መንገር ነው። ሰው ግምቱን ሲነግራችሁ ፈገግ ማለትም መንገር ነው። የሚሻለው መልስ "እስቲ እናያለን" ነው፣ ለትክክለኛውም ለስሕተቱም ግምት በአንድ ዓይነት ድምፅ።

ሊነግራችሁ የጀመረ ሰው ካለስ? ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም አትበሉ። በእድሜ እኩያ ከሆነ "ወንድሜ፣ አላየሁትም፣ በናትህ" ይበቃል። ታላቅ ከሆነ "አያ፣ ይቅርታ፣ ገና አላየሁትም፣ ካየሁ በኋላ እርስዎ ጋ መጥቼ እናወራለን" በሉ። አክብሮቱም አለ፣ ወሬውም ተቋረጠ። ባጃጅ ውስጥ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ካነሱት ኢርፎን ነው መፍትሔው።

አምስተኛ፦ የቀደመውን ድገሙ

መጠበቁ ራሱ ደስ እንዲል የሚያደርገው ይህ ነው። ስፖይለር ሲሸሽ ብቻ የሚውል ሰው ይሰለቸዋል። የሚሠራው ነገር ያለው ሰው ግን ጊዜው ይሮጥለታል።

ለዲሞን ስሌየር ሒሳቡ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 26 ክፍል፣ ሙገን ትሬን በተከታታይ መልኩ 7፣ ከዚያ 11፣ ደግሞ 11፣ የመጨረሻው የሥልጠናው ምዕራፍ 8። ድምሩ 63 ነው። በቀን ሦስት ካያችሁ በ21 ቀን ያልቃል። ለሙገን ትሬን ከተከታታዩ ይልቅ ፊልሙን ብታዩ ይሻላል፣ አንድ ላይ ሲታይ ነው ልብ የሚነካው። የሥልጠናውን ምዕራፍ "ብዙ ነገር የለበትም" ብለው የሚዘሉት አሉ። አትዝለሉት። ፊልሙ የሚጀምረው የዚያ ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ካቆመበት ነው። እሱን ሳያዩ ፊልሙን መክፈት ታሪክን ከመሐል እንደ መስማት ነው።

ድግግሞሹን ከፊልሙ ቀን አርቃችሁ አትጨርሱት። ሦስቱ የመጨረሻ ክፍሎች ለዋዜማው ይቆዩ።

ስድስተኛ፦ ፊልም ቤቱ ጋ ተጠንቀቁ

አዳራሽ ውስጥ በካሜራ የተቀዳ ኮፒ ፊልሙ በወጣ በቀናት ውስጥ ይሰራጫል። ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭኑ ቤቶችም ጋ ይደርሳል። እሱን አትዩ። ሕግ መጣሱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ሌላ ደግሞ ስክሪኑ የተጣመመ፣ ጨለማው ትዕይንት የማይታይ፣ የሰው ሳል የሚሰማበት ነው። ስቱዲዮው ለብርሃኑና ለእንቅስቃሴው የደከመበትን ሥራ በዚያ መልኩ ማየት ፊልሙን ማየት አይደለም። ትልቁ ስፖይለርም እሱ ነው። በሙሉ ጥራት ልታዩት የምትችሉትን የመጀመሪያ እይታ በልቶባችሁ ይሄዳል።

ለሌላ ጉዳይ ገብታችሁ ከሆነም ንቁ። ባለ ሱቁ ኮፒው እንደሚሠራ ሊያሳያችሁ ፋይሉን ይከፍትና መሐሉ ላይ ጠቅ ያደርጋል። ቀጥሎ ወደ መጨረሻው ይጎትተዋል። ሁለቱም ቦታ ላይ ያለው ነገር ሁሌም ትልቅ ነገር ነው። ደግነቱ ነው፣ ግን አስቀድማችሁ "እንዳትከፍተው፣ አምንሃለሁ" በሉት።

ሰባተኛ፦ የእይታውን ቀን አሰናዱ

ፊልሙ በይፋ ሲለቀቅ በማግስቱ ለማየት አትሩጡ፣ ሁሉም የሚገኝበትን ቀን ምረጡ። እሁድ ከሰዓት ጥሩ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ስለሆነ ጾሙንና ቅዳሴውን የሚከታተል ጓደኛ አይመቸውም። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አታስቡት። ጥር 10፣ 11 እና 12 ጎንደር ውስጥ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ከየት ይገኛል?

ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው ጓደኛ ቤት ከሆነ እናቱን ቀድማችሁ አስፈቅዱ። "እትዬ፣ እሁድ ከሰዓት ቲቪውን ለሦስት ሰዓት ይፍቀዱልን" በሏቸው። ሦስት ሰዓት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ከተነሡ የማይቀር ወሬ አለ። ቡና የሚፈላ ከሆነ ከፊልሙ በፊት ይሁን። ፈንዲሻና ቆሎ ለሚጾመውም ለማይጾመውም ይሆናል።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ፣ በክረምት በተለይ። ፋይሉን ቀድማችሁ በይፋ ከሚቀርብበት አገልግሎት ለኦፍላይን አውርዱ፣ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ኤችዲኤምአይ ገመዱን በዋዜማው ሞክሩት። ሰብታይትሉ ከድምፁ ጋር መሄዱን ስታረጋግጡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃ ብቻ ተጠቀሙ። ወደ መሐል አትጎትቱ።

ሲጀመር ስልክ ሁሉ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ማንጋውን ያነበቡት ከኋላ ይቀመጡ፣ ሰው ፊታቸውን እያየ እንዳይገምት። ስሞቹ መሮጥ ሲጀምሩም አትነሡ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቁጭ በሉ፣ ብዙ የአኒሜ ፊልሞች ከስሞቹ በኋላ የሚያሳዩት ነገር አላቸው።

ከተነገራችሁስ?

ሁሉን አድርጋችሁም ሊደርስባችሁ ይችላል። ያኔ የመጀመሪያው ነገር እውነት መሆኑን ለማጣራት አለመፈለግ ነው። የውሸት ስፖይለር ብዙ ነው፣ ሰው ለማናደድ ብቻ ይለጠፋል። ካጣራችሁ ግን አንዱን ስትፈልጉ አራት ሌላ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው፣ ለማንም አታስተላልፉ። "ይህን ጉድ አየህ?" ብላችሁ የላካችሁለት ጓደኛ ከእናንተ ሌላ የሚያማርረው የለውም። ሦስተኛው፣ ፊልሙን አትተዉት። የሰማችሁት የሆነውን ነው። እንዴት እንደሆነ፣ በምን ዜማ፣ በምን ዝምታ፣ አልሰማችሁም።

ካያችሁ በኋላ ቃላቱን ከእገዳ ለመክፈት አትቸኩሉ። ከግሩፓችሁ ያላየ አንድ ሰው እስካለ ድረስ ሽፋኑን ተጠቀሙ። አዘዞ ያለው ልጅ ፈተና ላይ ከሆነ እሱ እስኪጨርስ ይጠበቃል። የቃላት ዝርዝሩን ደግሞ ከኖታችሁ አታጥፉት። ለቀጣዩ ክፍል ስሙን ብቻ ቀይራችሁ፣ ጃፓን የሚወጣበትን ቀን ከላዩ ጽፋችሁ፣ ከዋዜማው በፊት ታስገቡታላችሁ።